ያልደረቀው ቀለም

የካ፣ ነሐሴ ፲፮ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ነገሳ፣

እንዴት ከርመሃል? እኔ፣ ስሙ ይክበርና፣ ደህና ነኝ። ነገሩን ሳላዞር ልንገርህ፤ ካዞርኩት እንደገና እደብቀዋለሁ። በተራራው ወገብ ላይ ባለችው ቤተ ክርስቲያን አብረን የሳልናትን እመቤታችንን በመጋረጃ ያስጋረድኳት እኔ ነኝ። አንተ ካህናቱ ለክብሯ ብለው ያደረጉት መስሎህ ሄድክ። ለክብሯ አልነበረም። ቀንቼብህ ነው።

አሠራራችንን አትረሳውም። ሸራውን በሙጫ ግድግዳው ላይ ከለጠፍን በኋላ በከሰል የምነድፈው እኔ፣ ልብሱንና ፈረሱን የምቀባው እኔ፤ ፊትና ዓይን ያንተ። ስንት ቀን የደከምኩበትን ካባ ማንም ቀና ብሎ ሳያየው ይከርምና፣ አንተ በመጨረሻ መጥተህ ሁለት ዓይን ስታስገባበት ሁሉም ይሰግዳል። "ወልዴ፣ አንተ እኮ ልብስ ሰፊ ነህ፤ ስፌትህም አይከፋም!" ትለኝ ነበር ከመሰላሉ ላይ። "አንተስ አንገት ቆራጭ አይደለህ? ሥራህ ጭንቅላት ብቻ!" እልሃለሁ። እንስቃለን። ያንተ ሳቅ ከሆድህ ነበር፤ የኔው ከጥርስ አያልፍም።

ፊት እንዴት እንደሚወጣልህ ስጠይቅህ አንድ ቀን እንኳ ደብቀኸኝ አታውቅም። "እኔ ምን አውቃለሁ? አንተ የነደፍከውን አንገት አየዋለሁ። ይህ አንገት የማንን ፊት ነው የሚሸከመው ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ ራሱ ይነግረኛል" አልከኝ፣ የብሩሽህን ጫፍ በከንፈርህ እያሾልክ። እኔ ግን ሙያውን ሰሰተብኝ ብዬ ተቀየምኩህ።

ሥዕሏ ያለቀች ዕለት ግቢውን ሊያጸዱ የመጡት ሴቶች ገብተው አዩዋት። ጎረቤታችን ብዙነሽ አፏን ይዛ፣ "ውይ! ይቺ የማርያምወርቅን አትመስልም?" አለች። ሴቶቹ ሳቁ። አብራቸው የመጣችው ሚስቴ የማርያምወርቅም ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እኔ አንተን አየሁ። ብሩሽህን እያጠብክ ፈገግ አልክና፣ "ወልዴን ጠይቁት፤ አንገቷን ያዘነበላት እሱ ነው። እኔ ተከትዬው ሄድኩ እንጂ" አልክ።

ሹፈት መሰለኝ። ቤቴ እየመጣህ፣ እሷ ምሳ ስታቀርብልህ ፊቷን ስታጠና የኖርክ መሰለኝ። እኔ አብሬያት ኖሬ ያላየሁትን ውበት አንተ ከማዕድ ማዶ አይተህ ወሰድክብኝ አልኩ። እሷ ግን ምንም አላደረገችም፤ አንተም ምንም አላደረግክም። ቅናት ምስክር አይጠይቅም።

በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያኑን አለቃ መምሬ ኃይለ መስቀልን፣ "አባ፣ የዓይኗ ቀለም አልደረቀም። ብርሃን ካገኘው ይሰነጠቃል፤ ለክብሯም ቢሆን ትጋረድ" አልኳቸው። የሠዓሊ ቃል ነውና አመኑኝ። ቆየት እያሉ፣ "ልጄ፣ ደረቀ ወይ?" ይሉኛል። "ገና ነው አባ" እላለሁ። በኋላማ፣ "ምን ዓይነት ቀለም ነው? የክረምት ማገዶ እንኳ ይደርቃል!" ብለው ሳቁና ተዉት። መጋረጃውም ሥርዓት ሆኖ ቀረ።

ከኮተቤ ማዶ የመጡትን ሽማግሌዎች ታስታውሳቸዋለህ? ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያናቸው ፊት የሚስል ሰው ፈልገው ነበር። ሥራህን ሊያዩ ገብተው መጋረጃ አይተው ወጡ። በበሩ በኩል ያለውን የኔን ፈረስ አዩና ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። አንተ፣ "እንኳን ደስ ያለህ ወልዴ!" ብለህ ሳምከኝ። ከዚያ ብሩሾችህን ጠቅልለህ ነቀምት ወረድክ። እኔ እዚያ የሳልኳቸው ቅዱሳን እስከ ዛሬ ሌባ እንደገባበት ሰው ደንግጠው ቆመዋል።

የማርያምወርቅ ባለፈው ዓመት አርፋለች። መርዶውን ሰምተህ ይሆናል። ታማ ሳለች፣ "ወልዴ፣ ያቺን ሥዕል አንዴ አስገልጥልኝና ልያት" አለችኝ።

"አይፈቀድም።"

"ማነው የከለከለው?"

በግራ ጆሮዋ እንደማትሰማ ታውቃለህ። ቀኝ ጆሮዋን ወደ እኔ አዘንብላ መልሴን ጠበቀች። "ቤተ ክርስቲያኑ ነው" አልኳት። ሞት ደጇ ቆሞ እንኳ ያንተን እጅ ልታይ የጓጓች መሰለኝ፤ ነገሳ፣ እኔ ማለት ይኸው ነኝ። ሳታያት ሄደች።

የዓመቷ ተዝካር ካለፈ በኋላ ለመምሬ ተናዘዝኩ። አልተቆጡኝም። መስቀላቸውን አሳለሙኝና፣ "የጋረደ እጅ ይግለጥ። የፍልሰታ ዕለት፣ በሕዝቡ ፊት። እስከዚያው ግባና ለብቻህ ተያት" አሉኝ።

ገባሁ። መጋረጃውን በእጄ ከፍ አድርጌ አየኋት። እመቤታችንን የሚስል ሁሉ ወደ ልጇ ያዘነብላታል። እኔ ግን ከልጇ ወዲህ፣ ወደ ሕዝቡ አዘንብያታለሁ፤ ቀኝ ጆሮዋን ለሚለምናት እንደምታውስ። ያ የማርያምወርቅ አንገት ነው። ሳላውቀው በከሰሌ የነደፍኳት እኔ ነኝ። አንተ እውነትህን ነበር፤ ተከትለህ ነው የሄድከው። የቀናሁት በገዛ እጄ ሥራ ኖሯል። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እንባዬ ሳይደርቅ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፣ አይጣል ነው። "እንግዲያው ፊቷም የኔ ነው። ሥዕሏ የኔ ናት ብል ማን ይከራከረኛል? ነገሳ እንደሆነ ነቀምት ነው።" ጾሙን ሙሉ ይህ ሐሳብ አብሮኝ ጾመ፤ አብሮኝም ቅዳሴ ቆመ።

ዛሬ ዝናቡ ከእንጦጦ እየተንደረደረ ሲወርድ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑን ሞላው። ከቅዳሴ በኋላ መምሬ የመጋረጃውን ገመድ በእጄ አስያዙኝ። ከፊት የቆመች አንዲት ወጣት ሴት፣ "አባቴ፣ እርስዎ ነዎት የሳሏት?" አለችኝ።

"አዎ" ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰች። እልልታው ላንተ እንደሚሆን ሳስብ ዛሬም ቀናሁብህ፤ አልዋሽህም። ብዙነሽን ከሴቶቹ መካከል አየኋት። ያንን የጥንት ሳቋን አልሳቀችም፤ እኔኑ ትመለከታለች።

"ፊቷን የሳለው ነገሳ ይባላል፤ የላምበረት ልጅ ነው፤ አሁን ነቀምት ነው ያለው። ቀለሙ ያኔውኑ ደርቆ ነበር። በቅናት ያስጋረድኳት እኔ ነኝ" አልኩ፣ ከኋላ ያሉትም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ።

ከዚያ ገመዱን ሳብኩት።

ወንድምህ፣
ልብስ ሰፊው ወልደ ሐዋርያት