እኔ ላጠፋሁት ሳጥን ይቅርታ ለጠየቀው መሥሪያ ቤት

ለተከበሩ የኔትወርክ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣

ፈጣሪ ጤናዎን እንደ መስመራችን ሳያቆራርጥ አሟልቶ እንዲሰጥዎ እየለመንኩ፣ አራት ወር በሆዴ የያዝኩትን ጥፋት አስቀድሜ ልናገር፦ የሰፈራችን አገልግሎት አሥራ አንድ ቀን በመጥፋቱ በማኅተም ይቅርታ ጠይቀውናል፤ ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ። ስንት ቀን ራስዎ ሲያጠፉብን ዝም ብለው፣ ባልሠሩት ይቅርታ መጠየቅዎ ትሕትናዎን አስመስክሯል።

የእርስዎ መስመር ሲጠፋ መልእክት እንዳይቀርብን፣ ጎረቤቶች ያረጁ ኮምፒውተሮችን ጠጋግነን በየቤታችን አስቀምጠን በገመድ አገናኝተናቸዋል። ሁሉንም የሚያገናኘው ዋናው ሳጥን እኔ ሳሎን ነበር። ቤት ለቤት የምትዞረው ነርስ መቼ እንደምትመጣ፣ ውኃ የማን ተራ እንደሆነ፣ ማንበብ ለማይችለው በየቤቱ በድምፅ ይናገራል። የመክፈቻውን ሰላምታ በድምፅዋ የቀዳችው ባለቤቴ ነበረች። ካረፈች በኋላም በየጠዋቱ «ጎረቤቶች፣ እንደምን አደራችሁ» ትለኛለች። ሦስት ሳምንት ቻልኩት። ከዚያ ጸሎቴን አቋርጬ ተነሣሁና ሶኬቱን ነቀልኩ።

ገመዱ በእርስዎ ምሰሶ ላይ ስለሚያልፍ፣ ሰዉ ሠራተኞችዎ የቆረጡት መሰለው። ሳጥኑን እንየው ያሉኝን ጎረቤቶች፣ ደህና ነው ብዬ ከበር መለስኳቸው። መሥሪያ ቤትዎን ሲረግሙም መካከላቸው ቆሜ አሜን እል ነበር።

አሁን ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ።

1. በይቅርታዎ ማግሥት «በየቤቱ ያለ ማሽን አይታመንም» ብለው ሳጥኖቹን እንድናስረክብ አዘዋል። ስለ አሳቢነትዎ ምስጋናችን ይድረስዎ። ማሽኑ ግን ምንም አልሆነም፤ ያልታመነው ጠባቂው ነው።

2. ስኳር ያለባት የፊት ለፊት ጎረቤቴ ነርሷ መምጣቷን ሳትሰማ ቀርታ ሆስፒታል ገባች። ሶኬቱን መልሼ የሰካሁት ያን ቀን ነው። ይህ የእኔ ኃጢአት ነው። ሳጥኖቹ እርስዎ ዘንድ ከገቡ ግን መስመርዎ በጠፋ ቁጥር አብረው ይጠፋሉ፤ የሚቀጥለውን በሽተኛ በራስዎ ጫንቃ ላይ ለመጫን እንዲህ መቸኮልዎ ገርሞኛል።

3. ሦስተኛው በራሴ ላይ ያለኝ ቅሬታ ነው። እሱን የማቀርብበት ሌላ ደጅ ስላለኝ እርስዎን አላደክምም።

ትእዛዝዎን በጥፋቴ ላይ ስለመሠረቱት፣ ጥፋቱን ለባለቤቱ መልሰው ትእዛዙን እንዲያነሡልን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እለምናለሁ።

ባላጠፉት ጥፋት ስምዎን ባስጠፋ እጁ፣ በታላቅ አክብሮት የጻፈልዎ
ጡረተኛው አናጺ

ተጨማሪ፦ የይቅርታ ደብዳቤዎን አያይዤ መልሻለሁ። በእውነት ባጠፉ ዕለት ቀኑን ብቻ ቀይረው ይላኩት፤ ድካም ይቀንስልዎታል። ሠራተኞችዎም ሳጥኑን ፍለጋ እኔ ቤት እንዳይንገላቱ፤ ትናንት ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት ቆሜ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብያለሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ «ጋሼ፣ ያኔ ቢነግሩን ሳጥኑን እኛ እንወስድልዎ ነበር እኮ» አለችኝ። ሳጥኑን ተሸክሜ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ አስገባሁና የቤቴን መለዋወጫ ቁልፍ ከሆስፒታል ለተመለሰችው የፊት ለፊት ጎረቤቴ ሰጠሁ፤ ከእንግዲህ ማንንም ከበር እንዳልመልስ።