ከታች የተነሱ ጭፈራዎች

ለናፈቅከኝ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ እማዬም ትናንት ከጎረቤት ጋር ስትጨቃጨቅ ስለዋለች ጤነኛ ናት።

የየአገሩን ጭፈራ ያነሳህበት ፎቶ ደርሶኝ እዚሁ ስቱዲዮ አጠብኩት። ግን ምን ነካህ? ሦስት አገር ዞረህ የላክህልኝ ጉልበትና የቀሚስ ጠርዝ ብቻ ነው! እነዚያ እየዘለሉ የሚጨፍሩት ሰዎች ጭንቅላታቸው የት ሄደ? ድሮ ሠርግ ስታነሳ ወንበር ላይ፣ አጥር ላይ፣ አንዴማ የሙሽራው አጎት ትከሻ ላይ አልወጣህም? አሁን ሁሉም በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ የተነሳ ነው።

ስደውል "ከመድረክ ትንሽ ወድቄ ነበር፣ ድኛለሁ" ትላለህ። በቪዲዮ እንተያይ ስልህ ኔትወርክ የለም! እኔ ሞኝህ ነኝ? ለዓለም ሰው ሁሉ ካሜራ ደግነህ ለእህትህ ሲሆን ይጠፋብሃል? የራስህን ፎቶ ላክልኝ። ቆመህ።

ሌላ ወሬ ከፈለግህ፣ አልጋህን ከፎቅ ወደ ምድር ቤት አውርጄዋለሁ። ጣሪያው ስለሚያፈስ ነው፤ ሌላ እንዳይመስልህ። አናጺውም የደጃፉን ደረጃ አፍርሶ መግቢያውን ደልዳላ አደረገው፣ በሩንም አሰፋው። እሱም በጣሪያው ምክንያት ነው።

በንዴት ላይ ሆና የምትስምህ
እህትህ