ዲስኩ አልተቃጠለም

ውድ ሚሊዮን፣

ደብዳቤ ሲጀመር «ውድ» ይባላልና ብያለሁ። ከዚህ በታች ግን ለወዳጅ የሚጻፍ ነገር አታገኝም።

ባለፈው ጥር፣ ሐጂ ጠሀ ሳሎን ውስጥ፣ በሽማግሌዎች ፊት ይቅር ብዬሃለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ ያንን ይቅርታ መልሼ መውሰዴን ላሳውቅህ ነው። እርቅ ማፍረስ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ሃምሳዎቹን አጋምሻለሁ፤ ነውር ምን እንደሆነ ካንተ አልማርም።

ነገሩን ረስቼዋለሁ እንዳትል ከሥሩ ልጀምርልህ። ወሰን ሰፈር፣ ከጋራዦቹ በላይ በተከራየናት ክፍል፣ የእንጦጦን ምንጮች ካርታ አብረን ስንሠራ ዓመታት ቆጠርን። እኔ እሄዳለሁ፣ አንተ ትስላለህ። ከየካ ሚካኤል በላይ ካለው ጫካ ጀምሮ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አናት ድረስ ያልረገጥኩት ጭቃ የለም። አገሩን የሚያውቁት ኦቦ በዳዳ ከፊት ከፊት እየመሩ እያንዳንዱን ምንጭ በኦሮምኛ ስሙ ይጠሩልኛል፣ እኔ ነጥቡን በጂፒኤስ እይዛለሁ፣ አመሻሹ ላይ አምጥቼ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባለሁ። አንተ ከወንበርህ ሳትነሣ «ጀማል፣ ይቺ ነጥብ ትንሽ ወደ ግራ ብትሄድ ካርታው አያምርም?» ትለኝ ነበር። ምንጭ ወደ ግራ አይሄድም፣ ሚሊዮን።

ካርታው ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተሩ አልነሣ አለ። ጥቁር ስክሪን፣ ላዩ ላይ «የሚነሣ ሲስተም አላገኘሁም» የምትል አንዲት መስመር። አንተ ሳጥኑን ፈታህ፤ ጎንበስ ብለህም አሸተትክ። አዎ፣ አሸተትክ! «መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ዲስኩን አቃጥሎታል። አለቀ፣ ወንድሜ፤ አትድከም» አልከኝ። ብዙም ሳትቆይ ሌላ ድርጅት ገባህ። ቀጥሎ ካርታው ባንተ ስም ብቻ ታትሞ አየሁት።

ስጮህ ሽማግሌ ላክህብኝ። ሐጂ ጠሀ ቤት፣ ኦቦ በዳዳም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆነው፣ ተቀምጠን፣ ዓይንህን ምንጣፉ ላይ ተክለህ፣ «የጋራ ሥራችንን እሳት በልቶታል። ይሄኛው ከእጄ ላይ ከቀሩ ቅንጥብጣቢዎች እንደ አዲስ የሠራሁት ነው» አልክ። ድምፅህን ማንቀጥቀጥ ታውቅበታለህ። ሐጂም ወደ እኔ ዞረው «ጀማለዲን፣ በተቃጠለ ነገር ሰው አይጣላም። አውፍ በለው» አሉኝ። ማስረጃ አልነበረኝም፤ ያለኝ ሁሉ ሞተ ያልከው ዲስክ ላይ ነበር። አውፍ አልኩህ።

ኮምፒውተሩን ቤቴ ወስጄ በጨርቅ ሸፈንኩት። ባለቤቴ ዘሙሩድ በዚያ ባለፈች ቁጥር «በእኛ እምነት ሬሳ ቤት ውስጥ አያድርም። ምነው ይሄኛው ከረመ?» ትለኝ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ሰለቸኝ። ከመጣሌ በፊት ግን ዊንዶውሱን አጥፍቼ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ልሞክርበት ብዬ በፍላሽ ይዤ ተቀመጥኩ። ሲስተሙ ዲስኩን ገና ሲያየው አወቀው። ጤነኛ ነው። አንድም የተጎዳ ቦታ የለበትም። ዲስኩ ላይ ዊንዶውስ የነበረበትን ክፍል ብቻ አጥፍቼ ሊኑክስን ተካሁበት፤ ሌላውን ክፍል ስከፍተው ምንጮቼ በሙሉ፣ ከነስማቸው፣ ከነማስታወሻዬ፣ እንዳስቀመጥኳቸው ተደርድረው አገኘኋቸው።

እመነኝ፣ ያን ጊዜም አልጠረጠርኩህም። ባለሙያም ይሳሳታል አልኩ። እንዲያውም ልደውልልህ ስልኬን አንሥቼ ነበር።

ከዚያ ፍላሹን ነቀልኩና ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ሞተ። ፍላሹን መልሼ ስሰካው ነቃ። ነቀልኩት፤ ሞተ። ዘሙሩድ ከበሩ ላይ ቆማ «ግሉኮስ ላይ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ነገር ሳይገባኝ መተው አልወድም፤ ታውቀኛለህ። ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ሰነበትኩ።

የገባኝ ይህ ነው። ኮምፒውተር ሲበራ በቀጥታ ወደ ሲስተሙ አይሄድም። መጀመሪያ የሚሄደው ዲስኩ ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ ክፍል ነው፤ ቡት ፓርቲሽን ይሏታል። እሷ ውስጥ ካርታም ፎቶም የለም። ያለው ሲስተሙን ከተቀመጠበት ፈልጎ የሚቀሰቅስ አጭር ፕሮግራም ነው። እኔ ሊኑክስን ስጭን ይህን ፕሮግራም የት ላኑረው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሳላስተውል ፍላሹን መርጫለሁ። ፍላሹ ሲነቀል ቀስቃሹ አብሮ ይሄዳል። ዲስኩ ሙሉ፣ ሲስተሙ ሙሉ፤ የሚቀሰቅሰው ግን የለም።

ከዚያ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ፍላሹን ስነቅል ስክሪኑ ላይ የምትመጣው መስመር፣ አንተ ዲስኩን ያሸተትክ ቀን ያየናት ናት። ፊደል በፊደል አንድ ናት።

ያቺን ትንሽ ክፍል ከፈትኳት። ዊንዶውስን ሳጠፋ አብራ የጠፋች መስሎኝ ነበር። አልጠፋችም። አንዱ ሲስተም ሄዶ ሌላው ሲመጣ እሷ በቦታዋ ትቆያለች። ውስጧ የዊንዶውስ ማስነሻ ፎልደር ተቀምጧል፤ አንድም ፋይል አልጎደለበትም። ስሙ ብቻ ተቀይሯል። ጫፉ ላይ፣ በላቲን ፊደል፣ «ትርፍ» የሚል ተቀጥሎበታል። ኮምፒውተሩ በድሮ ስሙ ፈልጎ ስላጣው ነው አልነሣ ያለው። ቃጠሎህ ይኸው ነው፤ ካርታውን ለራስህ ገልብጠህ የእኔን በዚህ ዘጋኸው። በቢሯችን ወደ ዳር ለሚገፋው ፋይል ሁሉ «ትርፍ» እያለ የሚቀጥል ማን ነበር? «አማርኛን ለምን በላቲን ትጽፋለህ» እያልኩ የማሾፈው በማን ላይ ነበር?

መብራት ያቃጥላል፣ ሚሊዮን። ስም አይቀይርም።

የእኔን ማስነሻ በትክክለኛው ቦታ አስገባሁ፤ ኮምፒውተሩ አሁን ያለ ፍላሽ ይነሣል። ያንተን ፎልደር አልነካሁትም። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያስታረቁንን ሽማግሌዎች ቤቴ ጠርቼ አሳየኋቸው። ሐጂ «ምኑን ልይልህ? እኔ ስልክ እንኳ የማስደውለው በልጄ ነው» ብለው ሊሸሹ ሞከሩ። አልለቀቅኋቸውም። ስሙን ወደ ድሮው መልሼ፣ መልሼም ቀይሬ፣ አንድ ሰው በእጁ ካልነካው በቀር እንደማይለወጥ በዓይናቸው አሳየሁ።

«ቢሆንም እርቅ አይፈርስም፣ ልጄ» አሉ ሐጂ።

ኦቦ በዳዳ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ሐጂ፣ እነዚህ ሰዎች የታረቁት ተቃጠለ በተባለ ነገር ነው። ካልተቃጠለ በምንድን ነው ያስታረቅናቸው? እኔንም እኮ አስዋሸኝ!»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ይደረግልህ? ካሳ ነው?» አሉኝ።

«ካሳ አልፈልግም። ይውጣ» አልኩ። «ካርታው ላይ እስካለው እያንዳንዱ ምንጭ ድረስ በእግሩ ይውጣ። ውሃ ለሚቀዱት፣ ከብት ለሚያጠጡት፣ ይህን ቦታ ማን አግኝቶ እንደመዘገበውና እሱ ምን እንዳደረገ በገዛ አፉ ይንገራቸው።»

«ያ ሰውዬ? ደረጃ መውጣት እንኳ አይችልም እኮ!» አሉ ሐጂ።

«አውቃለሁ» አልኩ።

«እንግዲያ መንገዱን የምመርጠው እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ በዳዳ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው።

ተወስኗል። የፊታችን እሁድ ጠዋት የካ ሚካኤል በር ላይ እንገናኛለን። ሽማግሌዎቹ አብረውህ ይወጣሉ። ከቀረህ አዲሱ መሥሪያ ቤትህ ድረስ መጥተው፣ ተቃጠለ ብለህ የሰጠሃቸውን ቃል አለቃህ ፊት ያነሣሉ፤ ኮምፒውተሩን የምሸከምላቸው እኔ ነኝ። ታምሜያለሁ ብትል ድነህ እስክትነሣ እንጠብቃለን። ዝናብ ነው ብትል እኔ በዝናብም ወጥቼበታለሁ።

ከላይኛው ምንጭ ስትደርስ ትንፋሽህ ይቆረጣል፤ ይጠማሃል። እዚያ የሚቀዱት ሴቶች ደጎች ናቸው፤ ማን መሆንህን ሳይጠይቁ ውሃ ይሰጡሃል። ጠጣ፤ አልከለክልህም። እስክትጨርስ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ጨርሰህ አፍህን ስትጠርግ ግን ስሜን ትጠራላቸዋለህ፤ ጮክ ብለህ፣ ከነአባቴ።

ይቅር ያላለህ፣
ጀማለዲን ያሲር
ወሰን