የአቡ ገጣስ ተቀባይ

ጁላይ 6

ልምምድ። አቡ ገጣስ እንደ ልማዱ ዘግይቶ መጣ፣ በለስ እየላጠ። "ምን ታፈጣላችሁ? ገጣሚ አይዘገይም፤ ሌላው ነው የሚቸኩለው" አለ። ሰባውን አልፏል... ምላሱ ግን ገና ጎረምሳ ናት።

እኔ ከበሮዬን ይዤ ከኋላ። ይኼው ነው ሥራዬ። ገጣሚዎቹ ጠረጴዛ ከበው፣ አረቄያቸውን እየጠጡ፣ እዚያው በፈጠሩት ግጥም ይሰዳደባሉ። እኔ ከበሮ እመታለሁ፤ የመጨረሻዋን ስንኝ ሦስቴ እቀበላለሁ። ተቀባይ አይመርጥም። የሰጡትን ያዜማል።

ዛሬም ግጥም ሲነጥፍበት ያቺኑ አወጣት። ወንድ የሚወዱ ወንዶችን የሚሰድብባትን።

"ጢሙን አይተህ ብቻ ወንድ ነው ትላለህ፤
ፍየልም ጢም አላት፣ ሄደህ ታልባታለህ!"

ሁለተኛው ገጣሚያችን ዘኪ በሳቅ ፈረሰ። መቶ ጊዜ ሰምቷታል፣ መቶ ጊዜ ይስቃል። እኔም ተቀበልኩ። አንዴ... ሁለቴ... ሦስቴ። ድምፄ ደግሞ ያምራል፣ ምን ላድርገው?

ጢም አለኝ።

ጁላይ 8

አኒስ ጋ ዋልኩ፣ ታች ከተማ፣ ከፋርማሲው በላይ ባለችው ክፍሉ። እማዬን "የሆድ መድኃኒት ልገዛ" ብያት ነው የወጣሁት። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምላት። በዚህ ከቀጠልኩ ሆዴ የመንደር መነጋገሪያ ይሆናል።

አኒስ ኩርፍ ብሏል። ባለፈው ሰርግ ላይ ሰምቶኛል ለካ።

"ስንት ዓመት አብረን ሆነን፣ በየሳምንቱ ትሰድበኛለህ።"

"እኔ ነኝ እንዴ? አቡ ገጣስ ነው!"

"እሱ አንዴ ይላል። አንተ ሦስቴ።"

ምን ይባላል? ልክ ነው።

"ለእመቤታችን በዓል መንደራችሁ እመጣለሁ" አለ። "ከፊት ነው የምቀመጠው። ያቺ ፍየል ካንተ አፍ ስትወጣ ከሰማሁ... በቃ። ለሆድህ ሌላ ፋርማሲ ፈልግ።"

ቀልድ መሰለኝ። ፊቱን ሳየው አይደለም።

ዝም ብልስ? ተቀባይ ዝም ካለ አደባባዩ ሁሉ ዞሮ ያየዋል። "ይኼ ልጅ ምን ነካው?" ይላል። ከዚያ ደግሞ ይገባዋል። እማዬ በየትኛው ፊቷ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች? አፌን ከከፈትኩ አኒስን አጣለሁ፣ ከዘጋሁ መንደሬን።

ጁላይ 14

ጉድ ፈላ። የክርስትና ድግስ ላይ የቀረጸን ሰው የፍየሏን ግጥም በስልክ ለቋታል። የቤይሩት ተማሪዎች "ይኼ ሽማግሌ ከበዓሉ ይታገድ" እያሉ ነው። የታች ሰፈር ጎረምሶች ደግሞ "አንድ ሰው ይመልስለትና ወንበሩን ሁሉ እናነደዋለን" ብለዋል።

አቡ ገጣስ ስልክ የለውም። እኔ ነኝ ያነበብኩለት።

"ስንት ሰው ሰማት?"

"አርባ ሺህ ይላል፣ አጎቴ።" ሳንዛመድ አጎቴ ነው የምለው።

ጢሙን ዳሰሰ። ደስታው ሊገድለው። "ይታገድ ያሉትም ሰምተዋታል?"

"እንዴ! እነሱማ ደጋግመው።"

"ቡሩካን ናቸው" አለ።

ቪዲዮው ላይ የማን ድምፅ ነው ጎልቶ የሚሰማው? የኔ! አኒስ አንዲት መልእክት ላከልኝ፤ "እንኳን ደስ ያለህ።" ሌላ የለም። ስድብ ቢጨምርበት ይሻለኝ ነበር።

ጁላይ 20

ከቅዳሴ በኋላ የመንደራችን ሹም፣ ሙኽታር ሸሂን፣ ደረጃው ላይ ቆሞ የበዓሉን ኮሚቴ ውሳኔ አሰማ። ከረባት አስሮ፣ በዚህ ሙቀት!

"አቡ ገጣስ ቅርሳችን ነው። ያሻውን ይበል። አገራችን የነፃነት አገር ናት፣ የሰው አፍ አይዘጋም። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ መልስ መስጠት ክልክል ነው። ለሰላም ሲባል።"

ስድቡ ቅርስ፣ መልሱ ነውር። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ... እጄ ይቆረጥ።

ያልተደሰተው አንድ ሰው ብቻ ነበር። አቡ ገጣስ! ቆቡን መሬት ላይ ወረወረው።

"ማንም አይመልስልኝም? እኔ ምንድነኝ፣ ሬዲዮ?"

"ላንተ ብለን እኮ ነው!" አለ ሙኽታሩ።

"ለኔ ብለህ ቀበርከኛ! ሰውየውን አስረህ 'ታገለው' ትለኛለህ? የታሰረ ሰው ታግሎ የጣለ ጀግና የት አየህ? መልስ የሌለው ስድብ እኮ ጩኸት ነው! ውሻም ይጮኻል!"

ሳቄን ዋጥኩት። ይኼ ሰው ሲጠላኝም ደስ ይለኛል፣ ምን ዓይነት በሽታ ነው?

እማዬ ወደ ቤት ስንመለስ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" አለች። ስለ አቡ ገጣስ ይሁን ስለኔ... አልጠየቅኳትም።

ኦገስት 2

አቡ ገጣስ ተፋላሚ ፍለጋ ስንቱን ደጅ ጠና! ዘኪን ለመነው።

"በሚስቴ ስደበኝ፣ በእናቴ ስደበኝ፣ እመልስልሃለሁ" አለ ዘኪ። "ይኼን ግን አልነካም። ነገ 'አንተም ከነሱ ነህ' ይሉኛል።"

"ቢሉህስ?"

"ልጆች አሉኝ፣ አቡ ገጣስ!"

ሽማግሌው ጠረጴዛውን መታ። "ገጣሚ የተሰጠውን ወገን ይዞ ይሟገታል፣ አለቀ! እኔ ለአንበጣ ቆሜ ስንዴን ረትቻለሁ! ገበሬው ሁሉ ለአንበጣ አጨብጭቧል! የደረሰኝን አልይዝም የሚል ገጣሚ ሄዶ ሽንኩርት ይሽጥ!"

እኔን ምን ሰይጣን ገፋኝ?

"እንግዲያው እርስዎ ራስዎ ይያዙት፣ አጎቴ።"

"ምኑን?"

"ያንን ወገን።"

ለመሸሽ ከበሮዬን አነሳሁ።

"የሚያጠቃኝስ ማን ነው?"

"እኔ። ስድቦችዎን ከርስዎ በላይ በቃሌ ይዣቸዋለሁ።"

"ሙኽታሩ ከልክሏል እኮ" አለ ዘኪ።

"ሙኽታሩ 'አቡ ገጣስ ያሻውን ይበል' ነው ያለው። ይኼ ቢያሻውስ?"

አቡ ገጣስ ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ በሳቅ ትን አለው፣ ዘኪ ጀርባውን መታለት። "አንተ ክፉ! እስከ ዛሬ ከኋላዬ ምን ስታስብ ነበር?" አለ። ወዲያው ደግሞ ጣቱን ቀሰረብኝ። "እንዳታዝንልኝ! ለስለስ ብትልብኝ በራስህ ከበሮ ነው የምወቅጥህ።"

እኔ ራሴን ልሰድብ፣ እሱ ሊሟገትልኝ። ይኼን ለማን ይነግሩታል?

ኦገስት 9

ለአኒስ ነገርኩት። ከወር በኋላ ዛሬ ገና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ።

"ፍየሏን ትላታለህ ማለት ነው።"

"እላታለሁ። መልስ እንድታገኝ።"

"ሽማግሌው ቢሸነፍስ? እዚያው ፊቴ?"

"አቡ ገጣስ? እሱ ከመረታት ሞቱን ይመርጣል።"

"ካወቁብህስ?"

"ተሳዳቢው እኮ እኔ ነኝ! ማን ይጠረጥረኛል?"

አላሳቀውም። መጨረሻ ላይ "እመጣለሁ" አለ። "አትምጣ" ልለው ነበር... አፌ እምቢ አለኝ። ፈርቻለሁ።

ኦገስት 15

ዛሬ በዓሉ ነው፤ ግጥሚያው ትናንት በዋዜማው ነበር።

ፀሐይ ስትጠልቅ ጀመርን። አደባባዩ መርፌ መጣያ የለውም። አኒስ ከፊት፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ። እማዬ ከሴቶቹ ጋር ግድግዳው ሥር፣ መቁጠሪያዋን ይዛ። ሙኽታሩ መሀል ላይ እንደ ሙሽራ ተጎልቷል። ዘኪ ከበሮዬን ያዘ፤ ተቀባይ እሱ ሆነ። እኔ ጠረጴዛው ላይ!

አቡ ገጣስ ብርጭቆውን አነሳ። "ሙኽታራችን ያሻህን በል ብሎኛል፣ ዕድሜ ይስጠው። ዛሬ ያሻኝ ለእነዚያ ለምሰድባቸው መሟገት ነው። ይኼ ልጅ ደግሞ በኔ ቦታ ቆሞ ይሰድባል። እስቲ ማን ይረታል?"

ጉርምርምታ። ሙኽታሩ ቲማቲም መሰለ። እኔ ጀመርኩ፤

"ደጃፉ ላይ ያለው ሁለት የወንድ ጫማ፤
ምን ይሉታል ይሄን ጎረቤት ቢሰማ?"

ሕዝቡ አውካካ። አኒስ አንገቱን ደፋ። ከወንበሬ ወርጄ ልሮጥ ምንም አልቀረኝ። አቡ ገጣስ ግን ትንፋሽም አልወሰደ፤

"የሰው ጫማ ሲቆጥር ደጅ ለደጅ የዞረ፣
የራሱ ቤት በሩ ሳይዘጋ አደረ!"

"ኦፍ!" አለ አደባባዩ። እኔም በፍየሏ መጣሁበት። በገዛ ፍየሉ! እስከ ዛሬ ማንም ወደሱ ነድቷት አያውቅም። እሱ አረቄውን ተጎነጨ፣ አፉን ጠረገ...

"ፍየሏስ ወተቷን ሰጠች ለሰፈሩ፤
ጢም ቆጥሮ የዋለው ምን ጠቀመ ላገሩ?"

አደባባዩ በሳቅ ፈነዳ። ሰው ወንበር ላይ ወጣ። አኒስ ቀና አለ፣ ጥርሱ ታየኝ። ሙኽታሩ እጁን አወዛወዘ፣ ጀነሬተሩ ጠፋ፣ ማይኩ ሞተ። አቡ ገጣስ ግድም አልሰጠው። "የኔ ድምፅ ከጀነሬተር በፊት ነው የተወለደው" አለ። ሕዝቡ እሱን ለመስማት ጸጥ አለ። ሙኽታሩ በገዛ እጁ ጸጥታ አስከበረልን።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ከውስጤ ወጣ። ካቡ ገጣስ የተማርኩት አይደለም፣ የራሴ ነው።

"አንድ ፍሬ ቢበሰብስ ካለበት ዘንቢል፣
ይውጣ ከመንደሩ ሌላውን ሳይበክል!"

ማንም አልሳቀም። ከየት አመጣሁት? አውቃለሁ ከየት እንዳመጣሁት። አንድ ቀን ይሉኛል ብዬ ስፈራው የኖርኩት ነው... ቀድሜ ለራሴ አልኩት።

አቡ ገጣስ ብርጭቆውን አስቀመጠ። አየኝ። መቼም እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤

"እናት የወለደችው፣ መንደር ያሳደገው፣
ውጣ ብሎ አዛዡ ከየት የመጣ ነው?"

ዘኪ መቀበል ነበረበት። ዘኪ ሙኽታሩን አየ፣ ከኋላ የቆሙትን ጎረምሶች አየ፣ አፉ ተከፍቶ ቀረ። የሚቀበል ጠፋ። ስንኟ አየር ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ተቀባይ ያጣ ገጣሚ እንደተረታ ነው የሚቆጠረው።

ከግድግዳው ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ ተነሳ። ዜማው የተጣመመ፣ እየተንቀጠቀጠ። እማዬ!

መጀመሪያ ብቻዋን። ሁለተኛውን ሴቶቹ አብረዋት። ሦስተኛውን አደባባዩ ሁሉ። ከዚያ በኋላ ምንም አላየሁም፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

የተረታ ለረታው ይቀዳል። ቀዳሁለት። ግማሹ ሱሪው ላይ ፈሰሰ።

ኦገስት 16

አንድ ወንበር ተቃጥሎ አደረ። የሙኽታሩ። ጎረምሶቹ "እኛ አይደለንም" ብለው በእመቤታችን ይምላሉ።

ዳቦ ጋጋሪው ሰላም ስለው ግድግዳ አየ። ገብቶታል ማለት ነው። እሺ... ዳቦው ድሮም ጥሬ ነው።

እማዬ ባቄላ ስትፈለፍል ቆይታ፣ ቀና ሳትል፣ "ያ ነጭ ሸሚዝ ነው የሆድ መድኃኒት የሚሸጥልህ?" አለች።

"አዎ።"

"ከሲታ ነው። ነገ ምሳ ይምጣ።"

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ባቄላው ሁሉ ተፈልፍሎ እስኪያልቅ አልጠራችኝም።

ኦገስት 19

አቡ ገጣስን ጠየቅኩት፣ አላስቻለኝም። "አጎቴ፣ ያሉትን ያምኑበታል?"

"ለአንበጣም ተሟግቻለሁ አልኩህ። አንበጣ አልወድም።"

"እሺ።"

ትንሽ ሄድንና ቆመ። "አንበጣው ግን ጠረጴዛ ላይ አልተቀመጠም፣ አረቄም አልቀዳልኝም" አለ። ከዚያ "እግሬን አመመኝ፣ ደግፈኝ" ብሎ ክንዴን ያዘ። እግሩን አሞት አያውቅም።

ኦገስት 25

ትናንት ሰርግ ነበረን። እኔ ከበሮዬን ይዤ ከኋላ፣ ሙኽታሩ ከፊት የበግ አጥንት እየቆረጠመ። አቡ ገጣስ ሞቅ አለው፣ ግጥም ነጠፈበት፣ በልማድ ፍየሏን ጀመራት። "ጢሙን አይተህ ብቻ..." ከማለቱ አዳራሹ በሙሉ ተቀበለው፤

"ፍየሏስ ወተቷን ሰጠች ለሰፈሩ!"

ሙሽራይቱ ሳትቀር! ሽማግሌው አፉን እንደከፈተ ቀረ። ዕድሜ ልኩን ማንም ያልረታውን ሰው የረታው ራሱ ነው። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፤

"ሠላሳ ዓመት ያበላችኝን ፍየል አረድካት፣ አንተ ሌባ።"

"እርስዎ ነዎት ያረዷት፣ አጎቴ።"

"በል እንግዲያው ሌላ የሚሰደብ አምጣልኝ! ሰርግ መሀል ነኝ!"

በአገጬ ወደ ፊት ወንበር ጠቆምኩት። አየ። ጢሙን ዳሰሰ። ዓይኑ እንደ ሕፃን ዓይን በራ።

"ብሉ ብሎ ጋብዞ ማንኪያ የሚደብቅ፣
ተናገሩ ይላል ጉሮሮ ሲያንቅ!"

ሙኽታሩ ትን አለው። አዳራሹ ደግሞ ወደኔ ዞረ፣ ይቀበል ይሆን ብሎ። ከበሮዬን አነሳሁ። አንዴ ብቻ አይደለም፣ ሁለቴም አይደለም። ዛሬ ድምፄ ተዘግቷል፣ አኒስ ማር በሎሚ እያጠጣኝ ነው።