የአባ ደምና የቅዳሴ ተራቸው

ኅዳር 3 ቀን 1979

ሰገራ፣ ሽንት፣ ደም… ማይክሮስኮፑ ዓይኔን ጨረሰው። ከሰዓት ስብሰባ። ተኝቼ ነበር መሰለኝ፤ ሲያጨበጭቡ አጨበጨብኩ።

ማታ አባቴ ከአንበሳሜ መጡ። ደረታቸውን ይዘው።

ኅዳር 4

ላቦራቶሪ ወሰድኳቸው። ጆሯቸውን ወጋ አደረግኩ፤ ደሙ ወዲያው ቆመ። አስፒሪን የሚውጥ ሰው ደም እንዲህ ቶሎ አይቆምም።

«አባ፣ ክኒኑን ይውጣሉ?»

«የቅዳሴ ተራዬ ሲደርስ እተወዋለሁ።»

አዲስ አበባ ደም ሥራቸው ውስጥ ቀለም ወግተው በራጅ አይተዋቸዋል። የልባቸው ደም ሥር አልተዘጋም፤ ደሙ ግን ይንቀራፈፋል። ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶችም ቁስል ሳይኖር ተነቃቅተው ይጣበቃሉ። ክኒኑ እንዳይጣበቁ ነው። ሁሉንም አስረድቻቸዋለሁ… ስንቴ!

«ስውጠው ነስር ይይዘኛል ልጄ። ደም እየፈሰሰኝ መቅደስ ልግባ?»



ኅዳር 5

ክኒኑ ቢቆም እንኳ ሥራው ሳምንት ያህል ደም ውስጥ ይቆያል። ነስሩ እንዳይመጣ ቀደም ብለው ማቆም አለባቸው። ታዲያ መቼ ሊውጡት ነው? ወይ ክኒኑ፣ ወይ ቅዳሴው።

ይህን ስነግራቸው መቁጠሪያቸውን መቁጠር ቀጠሉ። ተናደድኩ። «እንግዲያው ይሙቱ» አልኩ። ለአባቴ! ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። ምን ነካኝ? ደክሞኛል… ግን ድካም እንዲህ ያናግራል?

ኅዳር 16

ጎረቤታቸው ዘውዱ በጭነት መኪና አመጣቸው። ቀድሰው ሲወጡ ደጀ ሰላሙ ላይ ወደቁ አለኝ። ተረፉ። እጃቸው በረዶ ነው።

ኅዳር 24

ዛሬ ቀና ብለው ሾርባ ጠጡ።

«ለደብሩ አለቃ ላክሁበት። ተራዬን ለቄስ ማሩ ይስጡት።»

«አባ…»

«አንቺ ከስተሻል።»



ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል

አንበሳሜ ሄድኩ። የደብራቸው ንግሥ ነው። ውስጥ ፈለግኳቸው፤ የሉም። ውጭ፣ አጥሩ ሥር፣ መግባት ከማይችሉት ጋር ቆመዋል። ክኒኑን ስለሚውጡ ጠዋት ነስሯቸው አፍንጫቸው በጥጥ ተወትፏል። ቄስ ማሩ ሲቀድሱ የአባ ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም።

ፊታቸው ቀልቷል። ዳገቱን ሳያርፉ ነው የወጡት አለኝ ዘውዱ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

«ምን ያስለቅስሻል? አለሁልሽ አይዶለም?»

አሉልኝ። መቅደሱን ግን እኔ ነኝ የዘጋሁባቸው።