ግማሽ ሰዓት ወደ ጎንደር

ልጄ ፅናት፣ የገነተ ማርያሟ እመቤት ካለሽበት ባሕር ማዶ ድረስ ትከተልሽ፤ ከክፉ ትሰውርሽ። በስልክ እንዳልነግርሽ ለቅሶ አላስወራኝ ስላለ፣ አብራኝ ለመጣችው ለአክስትሽ ልጅ ለመነን እየነገርሁ በስልኳ አስጻፍኋት፤ አሁኑኑ ትልክልሻለች። ገብሱ ሸቷል፤ ላሚቱም በሰላም ወልዳለች።

ወንድምሽ ንጋት ግን ጎንደር ከሕንፃ ሥራ ላይ ወድቆ ሆስፒታል ተኝቷል። ሐኪሞቹ «ቶሎ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት አይተርፍም» ብለዋል። እሱ ደግሞ «እማዬን ሳላይ አልገባም» ብሎ ድርቅ አለ።

የመኪናው መንገድ ተዘግቷልና ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ መጣሁ። ሠራተኛው «እናቴ፣ ጎንደር እኮ ግማሽ ሰዓት ናት» ሲለኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ትናንት የአውሮፕላኑን ድምፅ ከላያችን ሰማሁት። ደመናው አላሳርፍ ብሎት ተመለሰ። ዛሬም እንዲሁ ሆነ። ከደጁ አልተነሣሁም።

ንጋት «የት ደረስሽ?» እያለ ይደውላል፤ እኔም «ቀርቤያለሁ» እለዋለሁ። ከእንግዲህ ግን አፌ እምቢ አለኝ።

ልጄ፣ እሱ ከሁላችን ያንቺን ቃል ይሰማል። እባክሽ ደውይለትና «ስትነቃ እማዬ አጠገብህ ናት፤ ግባ» በይው። ውሸት ቢሆን እንኳ ኃጢአቱ በእኔ ላይ ይሁን፤ አንቺን ግን እመቤቴ ትባርክሽ።

እናትሽ ብርቅዬ