ያልተዘጋው የህብረት ኮድ

ኮሎምበስ፣ ጥቅምት 2014 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለህብረት፣ ወልድያ

እንደምን ከርማችኋል፣ አንቺም እናትሽም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔማ በየወሩ ሱሪ እየጠበበኝ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ኖርዝላንድ ሰፈር ተማሪዎቼን ሰብስቤ ያንን ኦፕን ሶርስ፣ ማለት ኮዱን ማንም አይቶ የሚያስተካክለውን፣ የአማርኛ ኪቦርድ አብረን እንሠራለን። እኔ ያለ አስተማሪ የተማርኩ ስለሆንኩ እነሱም አስተማሪ እንደሌላቸው ይቆጥራሉ።

በጦርነቱ ኔትወርክ ሳይቋረጥባችሁ በፊት የላክሽው የኮድ ማስተካከያ አንድ መስመር ይጎድለዋል። በደንባችን ወር ሙሉ ማንም ያልነካውን ሥራ ፕሮግራሙ ራሱ ይዘጋዋል። ስለዚህ እንዳይዘጋ ብዬ ሥሩ አስተያየት እጽፋለሁ። አንዴ «ይህ ኮድ ጨው አንሶታል» አልኩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ጸሐፊዋ እስከ አሥር ዓመቷ ዶሮ ትፈራ ነበር» ብዬ ለዓለም ሁሉ አሳወቅሁ።

ባለፈው ባሮክ የሚባለው ተማሪዬ «ጋሼ፣ አንድ መስመር ነው፤ እኔ ፊክስ ላድርገውና ክሎዝ እናድርገው» አለኝ።

«የሰው ሳህን አትንካ፤ እጇን ልትታጠብ ሄዳ ነው» አልኩት።

ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት አጠገቡ የተቀመጠችው ተማሪዬ ሄለን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ከዚያ ወዲህ ስለ አንቺ ኮድ የሚጠይቀኝ የለም።

ደብዳቤውን ወደ አገር ቤት የሚሄዱት ጎረቤታችን እትዬ አፀደ እስከ አዲስ አበባ ይወስዱልኛል። መንገዱ ሲከፈት ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ይፈልጉለታል።

እናትሽን ሳሚልኝ። ኔትወርክ ሲመለስ ያገኘሽውን ላኪ፤ የተሳሳተም ቢሆን እቀበላለሁ። ይህን ግን ተማሪዎቼ እንዳይሰሙ።

ስድብሽ የናፈቀው አጎትሽ
ጀማነህ